ፓርኩ ከተመረቀ በኋላ፦ የከተማ ምክር ቤት በእጁ ያለው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የከተማችን ምክር ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰፈራችን ፓርክ አጽድቆ ተሠራልን። ዛፍ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ መጸዳጃ ቤትና አንዲት የንባብ ክፍል ተከፈቱ። ዛሬ ሣሩ ደርቋል፣ ከችግኞቹ ብዙዎቹ ሞተዋል፣ መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል፣ የንባብ ክፍሏም የምትከፈተው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ነው። ምክር ቤቱን ስንጠይቅ ‹እኛ ሕግ እናወጣለን እንጂ ሥራ አንሠራም› ይለናል፤ አስተዳደሩ ደግሞ ‹በጀት አልተፈቀደልንም› ይላል። ለመሆኑ ምክር ቤት ለአካባቢ፣ ለፓርክና ለማኅበረሰብ አገልግሎት ማድረግ የሚችለው ምንድን ነው? እኛ ነዋሪዎችስ የት ላይ ብንበረታ ይሻላል?»

ምላሽ፦

የተሰጧችሁ ሁለቱም መልሶች በከፊል እውነት አላቸው፤ ለመሞገት የሚያስቸግሩትም ለዚህ ነው። ምክር ቤት በእርግጥ ሣር አያጭድም፣ ቧንቧ አይጠግንም፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍም በእጁ የለም፤ ይህን የሚሠራው አስፈጻሚው አካል ነው። ይሁን እንጂ አስፈጻሚው በየዓመቱ ይዞ የሚቀርበውን በጀት የሚመረምረውና የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ስለሆነ፣ «በጀት አልተፈቀደልንም» የሚለው ምላሽ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። የሥልጣን ክፍፍሉ ከአገር አገር ቢለያይም፣ መሬቱ ለምን አገልግሎት ይዋል፣ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ፣ ደንቡ ምን ይበል፣ ሥራውስ በትክክል መሠራቱን ማን ይጠይቅ የሚሉት ጉዳዮች በአብዛኛው ቦታ በምክር ቤቱ በኩል ያልፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ገንዘቡን ነው፤ ያውም ለግንባታ የወጣውን ሳይሆን ከግንባታው በኋላ በየዓመቱ የሚፈለገውን። አንድ ምክር ቤት ለፓርክና ለማኅበረሰብ አገልግሎት ያለው ቁርጠኝነት የሚታወቀው በመረቃቸው ሥራዎች ብዛት ሳይሆን፣ ካሜራ በማይደርስበት የመደበኛ በጀት ሠንጠረዥ ላይ በሚያሰፍረው አኃዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ላብራራው። የከተማ በጀት በተለምዶ ሁለት ክፍል አለው። የካፒታል በጀቱ ግንባታን፣ የመሬት ዝግጅትንና የመሣሪያ ግዥን ይሸፍናል፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ያበቃል። መደበኛ በጀቱ ደግሞ ደመወዝን፣ ውሃን፣ መብራትን፣ ነዳጅን፣ ጽዳትንና ጥገናን የሚሸፍን ሲሆን በየዓመቱ ይደጋገማል። ፓርክ እንዲፈቀድ ለምክር ቤት የሚቀርበው ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ግንባታው አልቆ ፓርኩ ለመናፈሻ መምሪያው ሲተላለፍ፣ መምሪያው ከቀድሞው የሰፋ መሬት ይረከባል፤ የአትክልተኞቹ ቁጥር፣ የውሃ ቦቴውና የነዳጅ ኮታው ግን ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ ያው ቡድን ብዙ ቦታ ለማዳረስ ይሯሯጣል፤ እናንተ ጋ የሚደርስበትም ቀን እየራቀ ይሄዳል። «ይህ ፓርክ ይድረቅ» ብሎ የወሰነ ሰው የለም። ፓርኩ እንዲደርቅ የተወሰነው ግን፣ ውሃውን ማን ይከፍላል ብሎ የጠየቀ ሰው ሳይኖር ግንባታው በጸደቀበት ዕለት ነው።

ይህ የድሃ ከተሞች ችግር ብቻ አይደለም። ኒው ዮርክ በ1970ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገንዘብ ቀውስ ሲገጥማት፣ በዓለም ከታወቁት የከተማ መናፈሻዎች አንዱ የሆነው ሴንትራል ፓርክ ሣሩ አልቆ መሬቱ ራቁቱን እስኪቀር፣ ወንበሮቹና ድልድዮቹም እስኪሰባበሩ ድረስ ተጎሳቁሎ ነበር። መልሶ እንዲያገግም ያደረገው በ1980 የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው፤ ተቋሙ ከግለሰቦችና ከድርጅቶች ገንዘብ እያሰባሰበ ዛሬ የፓርኩን አብዛኛውን ወጪ ይሸፍናል፣ ከ1998 ጀምሮም ከከተማዋ ጋር ተዋውሎ ያስተዳድረዋል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ በአድናቆት ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ለሌላ ከተማ እንዲሁ ለመምከር አልደፍርም። ሴንትራል ፓርክ ዙሪያው በአብዛኛው በባለጸጎች መኖሪያ የተከበበ ነው። በአነስተኛ ገቢ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች የሚበዙበት ሰፈር መናፈሻ እንዲህ ያለ ለጋሽ ስለማያገኝ፣ ምክር ቤት በልገሳ ተማምኖ የራሱን መደበኛ በጀት ቢያሳንስ ውጤቱ ሀብታሙ ሰፈር እየለመለመ የድሃው ሰፈር እየደረቀ መሄዱ ነው።

ከዚህ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት፣ ፓርኩ ሲፈጠር ጀምሮ የራሱ ገቢ እንዲኖረው የማድረግን ሐሳብ ነው። በእንግሊዝ የምትገኘው ሚልተን ኪንስ በ1992 አብዛኞቹን አረንጓዴ ቦታዎቿን ለአንድ ነጻ ባለአደራ ተቋም በ999 ዓመት የሊዝ ውል ስታስተላልፍ፣ ኪራያቸው የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን የንግድ ሕንጻዎችንም አብራ ሰጥታለች። ከዚያም ቀደም ብሎ በዚያው አገር፣ በ1847 የተከፈተውና በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መናፈሻዎች አንዱ የሆነው የበርከንሄድ ፓርክ፣ ወጪው እንዲካካስ የታሰበው በዙሪያው ያለውን መሬት ለመኖሪያ ቤት በመሸጥ ነበር። ፓርክ የአካባቢውን መሬት ዋጋ ከፍ እንደሚያደርግ የዘመኑ ሰዎች ገብቷቸዋል ማለት ነው። የእናንተም ምክር ቤት ከፓርኩ አጠገብ የሚገኝ ኪራይን፣ የመኪና ማቆሚያ ክፍያን ወይም ከአዲስ ግንባታ የሚሰበሰብ የልማት አስተዋጽዖን ለፓርኩ ጥገና ብቻ እንዲውል በደንብ ሊወስን ይችላል። እዚህ ላይ ወሳኙ ቃል «ብቻ» የሚለው ነው፤ ገቢው ወደ ጠቅላላው ካዝና ከገባ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራልና።

ወደፊት ተመሳሳይ ነገር እንዳይደገም ምክር ቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ቀላልና ርካሽ እርምጃ አለ። ይኸውም ማንኛውም የፓርክ፣ የቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣት ማዕከል ግንባታ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የሥራ ማስኬጃ ወጪው በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ ካልቀረበ በቀር እንዳይጸድቅ በሥነ ሥርዓት ደንቡ ላይ መደንገግ ነው። ገጹ ላይ ስንት አትክልተኛ እንደሚያስፈልግ፣ በደረቅ ወራት ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ እንደሚፈጅና ከየት እንደሚመጣ፣ የቆሻሻ ገንዳው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ፣ የልጆች መጫወቻው በማንና በየስንት ጊዜው እንደሚፈተሽ፣ የተሰበረ ወንበር ለመተካት ምን ያህል መጠባበቂያ እንደተያዘ ይጻፋል። ይህ ገጽ ሲቀርብ አንዳንድ ዕቅድ ሊያንስ ይችላል፤ ፏፏቴው ይቀራል፣ ሣሩ ብዙ ውሃ በማይጠይቅ ቁጥቋጦ ይተካል። ይህ ኪሳራ አይደለም። አነስ ያለና የሚሠራ ፓርክ፣ ሰፊ ሆኖ ከተቆለፈ ፓርክ ይልቅ ለሰፈሩ ይጠቅማል።

ስለ ችግኞቹ መሞት ያነሡት ጉዳይ በርከት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ የምክር ቤት ድጋፍ በዓይን የሚታይ ውጤት የሚያመጣው ወይም የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ የተተከለ ዛፍ ሥሩን ወደ አካባቢው አፈር ዘርግቶ ራሱን እስኪችል በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ደረቅ ወቅቶችን በሰው እጅ ውሃ መጠጣት አለበት። ሆኖም የተከላ ውሎች በአብዛኛው የሚከፍሉት በተተከለው ችግኝ ቁጥር ነው። ተቋራጩ ይተክላል፣ ይቆጠርለታል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል፤ ሪፖርቱም ላይ የሚሰፍረው ያው የተተከለው ቁጥር ነው። ውሉ በዚህ ፋንታ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በሕይወት ለተገኘው ዛፍ የሚከፍል ቢሆን፣ ለምሳሌ ከክፍያው ሲሶው ተይዞ በየዓመቱ ከሚደረግ ቆጠራ በኋላ ቢለቀቅ፣ የተቋራጩ ትኩረት ከጉድጓድ ቁፋሮ ወደ ውሃ ማጠጣት ይዞራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ውል ላይ መጨመር እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያመጣበት ሌላ ቦታ ብዙ አላውቅም።

የሞቱትን ችግኞች ቀረብ ብለው ቢመለከቱ መንስኤውን ራስዎ ሊለዩት ይችላሉ። ጤናማ ዛፍ ግንዱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር ሲለወጥ ይታያል፤ ግንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ከሚገባው በላይ ጠልቆ ተተክሏል፣ ሥሩም አየር አጥሮት ሊሆን ይችላል። ጉዝጓዝ (አፈሩ እንዳይደርቅ በዛፉ ዙሪያ የሚነጠፍ ቅጠላ ቅጠል) ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ክብ ሊሠራ ሲገባው ግንዱን ተደግፎ ከተከመረ ልጡን ያበሰብሳል። ሲተከል ከድጋፍ እንጨት ጋር የታሰረበት ገመድ ከአንድ ዓመት በኋላ መፈታት ነበረበት፤ ካልተፈታ ግንዱ ሲወፍር ገመዱ ልጡ ውስጥ ይሰምጣል። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የተላጠ ልጥ ካዩ ደግሞ ጥፋቱ የሣር ማጨጃ ማሽን ነው። እንዲህ ያለውን ከነፎቶግራፉ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ብታቀርቡ፣ «ችግኞቹ ሞቱ» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ ክብደት ይኖረዋል፤ ውሃ ማነሱን፣ አተካከል መበላሸቱን ወይም የጥገና ጉድለቱን ለይቶ ያሳያልና።

ዝርያን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላክል። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን በ2012 ባወጣችው የከተማ ደን ስትራቴጂ በሕዝብ ቦታዎቿ ላይ የዛፍ ጥላ የሚሸፍነውን ስፋት ከ22 በመቶ ወደ 40 በመቶ በ2040 ለማድረስ ስትወስን፣ ከጠቅላላው ዛፍ የአንድ ዝርያ ድርሻ ከ5 በመቶ፣ የአንድ ወገን (የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) ድርሻ ከ10 በመቶ፣ የአንድ ቤተሰብ (የተቀራራቢ ወገኖች ስብስብ) ድርሻም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አስቀምጣለች። ምክንያቱ አንድ በሽታ ወይም ተባይ ቢገባ ጎዳናውን ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዳያራቁተው ነው። ገደቡን በፖሊሲ የማስቀመጥ ሥልጣን የምክር ቤት ነው፤ የትኛው ዛፍ የት ይተከል የሚለው ግን ለባለሙያው ቢተው ይመረጣል።

የመጸዳጃ ቤቱ መቆለፍ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ የኃላፊነት መዝረክረክ ውጤት ሊሆን ይችላል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ የተወሰነ የመክፈቻ ሰዓት፣ በየተራ የሚመደብ የጽዳት ሠራተኛ፣ ሳይቋረጥ የሚደርስ ውሃና የተበላሸ ነገር በስንት ቀን መጠገን እንዳለበት የሚናገር ግዴታ ያስፈልጉታል። እነዚህ ለሦስት የተለያዩ መምሪያዎች ተከፋፍለው ሲገኙ፣ ውሃ ሲቋረጥ ጽዳቱ ይቆማል፣ ጽዳቱ ሲቆም ጥበቃው ይቆልፋል፣ ከዚያም የተቆለፈ ቤት ሪፖርት ላይ ችግር የሌለበት ሆኖ ይታያል። አቤቱታ የማይቀርብበት መጸዳጃ ቤት የተዘጋው ነውና! ምክር ቤቱ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት መጸዳጃ ቤት እንደተሠራ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ በሳምንት ለስንት ሰዓት ክፍት ሆኖ እንደዋለ ነው።

የንባብ ክፍሏም ነገር ከዚህ አይለይም። የማኅበረሰብ አገልግሎት ዋናው ወጪ ሰው ነው፤ መጻሕፍቱና መደርደሪያዎቹ አንዴ ከተገዙ በኋላ በሩን ከፍቶ የሚቀመጥ፣ ልጆችን የሚያስተናግድ፣ አረጋዊ ሲመጡ ቅጽ የሚሞላላቸው ባለሙያ ከሌለ ክፍሏ ዕቃ ማስቀመጫ ትሆናለች። በአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈተውን ሰዓት ለመጨመር የሚያስችል አንድ ዘዴ አገልግሎቶችን አንድ ቦታ ማሰባሰብ ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከ2020 ጀምሮ «የእንክብካቤ ማዕከላት» ብላ በየሰፈሩ ያደራጀቻቸው ቦታዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው፤ ልጅ ወይም አቅመ ደካማ በማስታመም ቀኗ የሚያልቅ ሴት፣ የምትንከባከበው ሰው ሌላ ባለሙያ እየጠበቀላት፣ እዚያው ትማራለች፣ የሕግ ምክር ታገኛለች፣ ልብሷንም ታሳጥባለች። ነባር ሕንጻዎችን አቀናጅቶ መጠቀም ስለሆነ አሠራሩ የሚጠይቀው ከአዲስ ግንባታ ይልቅ መምሪያዎች በሰዓትና በሠራተኛ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። መምሪያዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ አንድ መምሪያ ብቻውን የማይችለው፣ ምክር ቤት ግን በውሳኔ ሊያስገድድ የሚችለው ጉዳይ ነው። ይኸው ከተማ ከ1974 ጀምሮ እሑድና በበዓላት ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ዋና ዋና መንገዶቹን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፍታል፤ የመንገዱ ርዝመት ዛሬ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ መሬት ሳይገዛ፣ ድንጋይ ሳይነጠፍ የተገኘ መናፈሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ። ጥያቄዎ ውስጥ ባይነሣም፣ ምክር ቤት ለአካባቢ ጥበቃ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ጠንካራው የመሬት አጠቃቀም ፕላንን የማጽደቅ ሥልጣኑ ነው። በፕላን ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነገር ግን የራሱ የይዞታ ማረጋገጫና በወሰን ድንጋይ የተለየ ድንበር የሌለው ቦታ፣ ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ አልሚ ሲመጣ ቀለሙ ይቀየራል። ፓርኩ በከተማው ስም ተመዝግቦ፣ አገልግሎቱ እንዲለወጥ ከተፈለገ ከተለመደው በላይ በሆነ የምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅና በይፋዊ የሕዝብ ውይይት ብቻ እንዲሆን፣ ከተቀነሰም በዚያው ሰፈር ተመጣጣኝ ቦታ እንዲተካ በደንብ መወሰን አለበት። የናንተ ፓርክ በዚህ መልክ ተመዝግቦ እንደሆነ ሳይውል ሳያድር ይጠይቁ። የተጎሳቆለ ፓርክ «ማንም አይጠቀምበትም» እየተባለ ለሌላ ጉዳይ ለመዋል ከሁሉ ቀዳሚው ስለሆነ፣ የጥገናው ጉዳይና የይዞታው ጉዳይ የማይነጣጠሉ ናቸው።

ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ የጎርፍን ጉዳይ አብሮ ማንሣት ብልህነት ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2011 (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ላይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ዘንቦ ምድር ቤቶችንና መንገዶችን አጥለቀለቀ፤ ጉዳቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ክሮነር ነበር። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ቱቦዎቿን በማስፋት ብቻ ከመወሰን ይልቅ ፓርኮቿንና ጎዳናዎቿን ውሃ እንዲይዙ አድርጋ ለማስተካከል የሁለት አሥርት ዓመታት ዕቅድ አወጣች፤ ለዚህም ከፍተኛውን ድርሻ የሸፈነው ከውሃ ክፍያ የሚገኘው ገቢ ነው። በ2019 ታድሶ የተከፈተው ኤንግሄቭፓርክ የተባለው መናፈሻ እስከ 22,600 ሜትር ኪዩብ የዝናብ ውሃ መያዝ ይችላል፤ በቀረው ቀን ልጆች ይጫወቱበታል። ብራዚላዊቷ ኩሪቲባም ከዚያ አስቀድማ፣ በ1972፣ የባሪጊን ወንዝ በኮንክሪት ቦይ ከመገደብ ይልቅ ሐይቅ ያለው ፓርክ አድርጋ ጎርፉን አስታግሳበታለች።

ስሌቱን በትንሽ ፓርክ ላይ ማየት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ግማሽ ሄክታር ፓርክ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይሆናል። ከፓርኩ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 1,000 ካሬ ሜትር ያህሉን፣ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ሣር ቢለብስ ያን ሁሉ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ መሬት እንዲሰርግ ወይም በቀስታ እንዲወጣ ካልተደረገ ትንኝ ያራባል። ይህ ስሌት ፓርኩን ከ«ጌጥ» ተርታ አውጥቶ ከመሠረተ ልማት ተርታ ያስገባዋል፤ የፍሳሽ መምሪያው በጀትም ለፓርኩ ጥገና ድርሻ እንዲያዋጣ ምክር ቤቱ ለማዘዝ ምክንያት ያገኛል።

ስለ ቆሻሻ በአጭሩ፦ ደንብ አውጥቶ ቅጣት መጣል ምክር ቤቶች የሚቀናቸው ሥራ ነው፤ ነገር ግን የመኪናው መምጫ ቀን በማይታወቅበት ሰፈር ቅጣት ፍትሐዊ አይደለም፣ ውጤትም የለውም። መጀመሪያ የማንሻው ቀን ይከበር፤ ደንቡ ይከተላል። ቅጠላ ቅጠልና ተመሳሳይ በስባሽ ቆሻሻ ተለይቶ ወደ ኮምፖስት ቢለወጥ ለፓርኩ አፈር ማዳበሪያ ከመሆኑም በላይ፣ አየር በሌለበት የቆሻሻ ክምር ውስጥ በስብሶ ሚቴን ከመልቀቅ ይድናል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት የመያዝ ኃይል አለው።

ገንዘቡ ለማን ሰፈር ይድረስ የሚለው ጥያቄ ሌላው የምክር ቤት ፈተና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ማንኛውም ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ እንዲያገኝ ይመክራል። መለኪያው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ርቀቱ በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ሲለካ አታላይ ሊሆን ይችላል። በመካከል ማቋረጫ የሌለው ሰፊ መንገድ ካለ፣ 300 ሜትር ያለው ፓርክ ለአንዲት አያትና ለልጅ ልጇ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ በእግር መንገድ ተለክቶ፣ ከየሰፈሩ የነዋሪ ብዛትና ገቢ ጋር ተነጻጽሮ የተዘጋጀ ካርታ ምክር ቤቱ በጀት ከማጽደቁ በፊት በጠረጴዛው ላይ ሊኖር ይገባል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው ከከተማው የኢንቨስትመንት በጀት ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠውን ራሳቸው እንዲወስኑ ማድረጓ በመላው ዓለም ተቀድቷል። የተቀዳውን ያህል ግን አልጸናም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ እንኳ አመራሩ ሲለወጥ አሠራሩ ተዳክሟል። አንድ ከንቲባ በፈቃዱ የጀመረውን ሌላው በፈቃዱ ሊተወው ይችላል፤ በምክር ቤት ደንብ የጸናውን ለመተው ግን ቢያንስ በይፋ ድምፅ መስጠት ይጠይቃል።

የናንተን ተሳትፎ በተመለከተ ብዙ ምክር ቤቶች «ፓርኩን ተረከቡ፣ ጠብቁት» የሚል ጥሪ ያቀርባሉ። በጎ ፈቃደኞች አበባ ይኮተኩታሉ፣ ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ የሚደርሰውን ጉዳት ቶሎ ያሳውቃሉ፤ ይህ እጅግ የሚጠቅም ነገር ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ መግረዝና የመጫወቻ ደኅንነት ፍተሻ ግን ለእናንተ ሊሰጡ አይገባም። ስምምነት ከፈረማችሁ መሣሪያ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ሰው ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነና የመምሪያው ቋሚ ሠራተኞች ቁጥር በእናንተ ምክንያት እንደማይቀነስ በጽሑፍ ይስፈር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለብዙዎች ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬ ይመስላቸዋል፤ ነዋሪው ሲተጋ በጀቱ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ሲዞር ደጋግሜ ስላየሁ እኔ አላቃልለውም።

የት እንበርታ ላሉት፣ ቦታው ቋሚ ኮሚቴው ነው፤ ጊዜው ደግሞ የበጀት ረቂቁ ከመቅረቡ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት የሚሰማ ቅሬታ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍር እንደሆነ እንጂ የተዘጋ አኃዝ አያስከፍትም። ደብዳቤያችሁ አጭር ሆኖ የምትፈልጉትን በጀት ሳይሆን መልስ የምትፈልጉባቸውን ጥያቄዎች ይያዝ፦ ለዚህ ፓርክ በያዝነው ዓመት የተመደበው መደበኛ በጀት ስንት ነው፣ እስካሁንስ ምን ያህሉ ሥራ ላይ ውሏል፣ የተከላው ውል የመያዣ ገንዘብ (ከተቋራጩ ክፍያ ተቀንሶ የሚቆይ) ነበረው ወይ፣ ተለቅቋል ወይስ አልተለቀቀም፣ የመጸዳጃ ቤቱ የመክፈቻ ሰዓት በየትኛው ሰነድ ተወስኗል፣ ይዞታው ተመዝግቧል ወይ። ኮሚቴው በአብዛኛው ቦታ እነዚህን ለመምሪያው ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቦ በጽሑፍ መልስ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ መልሱም ለኦዲት የሚሆን ማስረጃ ይሆናል። በጀቱ ተመድቦ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ ከተገኘ ተጠያቂው አስፈጻሚው ነው፤ ከመጀመሪያውም ካልተመደበ ደብዳቤውን ይዛችሁ የምትሄዱት በጀቱን ወዳጸደቁት የሰፈራችሁ ተመራጭ ነው። የመያዣው ገንዘብ ገና ያልተለቀቀ ከሆነ ግን በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሞቱት ችግኞች በተቋራጩ ወጪ እንዲተኩ መጠየቅ የምትችሉት ዛሬውኑ ነው።